በቤት ስለሚያዝ የአየር መጭመቂያ መኪና ዘይት አጠባበቅ

ብረት ሠሪ በወናፉ አየርን እየገፋ ፍሙን ሲያነድ ማየት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ወናፉ ቆዳ ነውና እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ቅባት ይፈልጋል። ዛሬ በየቤቱና በየጎሚስታው የገባው፣ ሰው ሁሉ ኮምፕሬሰር እያለ የሚጠራው የአየር መጭመቂያ መኪናም የወናፍ ዘመድ ነው ብንል ስሕተት አይሆንብንም። እርሱም አየርን ይገፋል፤ እርሱም ቅባት ይፈልጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወናፍ ቢደርቅ ቀስ ብሎ ይቀደዳል፤ መኪናው ግን ዘይት ቢያጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቃጥሎ ይቀራል።

አየርን ጨምቆ ለሥራ ማዋል በሌላውም ዓለም የቆየ ጥበብ ነው። በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ያለው የሞን ስኒ የባቡር ዋሻ ከ1857 እስከ 1871 ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ሲቆፈር፣ ከ1861 ጀምሮ ዐለቱን የበሱት መሣሪያዎች በተጨመቀ አየር ኃይል የሚሠሩ ነበሩ። ያን ጊዜ ተራራ የበሳው ኃይል ዛሬ በግቢያችን ጥግ ቆሞ የመኪና ጎማ ይነፋል፤ የብረት በር ቀለም ይረጫል፤ አቧራም ያራግፋል። እንዲህ ያለ ኃይል ወደ ቤት ከገባ ዘንድ የቤቱ ባለቤት አጠባበቁን ሊያውቅ ይገባዋል። «ልጆቹ ያውቁታል፤ ሠራተኛው ያየዋል» ብሎ መተው የሚያመጣውን ጉዳት እኛ በገዛ ቤታችን አይተነዋል። ይህንንም ታሪክ ከመናገራችን በፊት የመኪናውን አሠራር በአጭሩ እንገልጻለን፤ አሠራሩን ያላወቀ ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልምና።

መኪናው ሦስት ዋና ክፍል አለው። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሁለተኛው አየሩን የሚጨምቀው ራሱ ነው፤ በውስጡም ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ሦስተኛው የተጨመቀው አየር የሚጠራቀምበት የብረት በርሜል ነው። ከፒስተኑ በታች የዘይት ማደሪያ አለ። ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ክንድ ሜካኒኮች ቢዬላ ይሉታል። ከቢዬላው በታችኛው ጫፍ እንደ ትንሽ ማንኪያ ያለ ብረት ወጥቷል። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይህ ማንኪያ ዘይቱን እየመታ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ የተረጨውም ዘይት ዘንጉን የሚሸከመውን ኩሽኔታ፣ ቢዬላውንና ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር ያርሳቸዋል። በቤት በሚያዙት በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪናዎች ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ዘይቱንም የሚያጣራ ማጣሪያ የለም። የመኪናው ሕይወት በዚያች ማንኪያ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ዘይቱ ቢጎድል ማንኪያዋ ባዶ አየር ትመታለች። ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞራቸው ቺንጋ የሌላቸው ትናንሽ መኪናዎች በደቂቃ 2,800 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ብረት ከብረት ጋር ያለ ቅባት በአንድ ደቂቃ ይህን ያህል ጊዜ ቢፋተግ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። በመጀመሪያ ይግላል፤ ቀጥሎ ይቧጨራል፤ በመጨረሻም ተጣብቆ ይቆማል፤ ወይም ቢዬላው ይሰበራል።

ዳሩ ግን «መጉደሉ ክፉ ከሆነ መብዛቱ ደግ ነው» ብሎ እስከ አፉ የሚሞላ ሰው ደግሞ ሌላ ጥፋት ያጠፋል። ዘይቱ ሲበዛ ማንኪያዋ ከልክ ያለፈ ትረጫለች፤ ዘይቱም አረፋ ያወጣል፤ ፒስተኑንም አልፎ ከአየሩ ጋር ወደ በርሜሉ ይገባል። ከላይ ባለው ግለት የተነሣ በቫልቮላው ላይ እየጠቆረ እንደ ጥላሸት ይጋገራል። ቀለም የሚረጭ ሰው ከሆነ ደግሞ የዘይቱ ጠብታ ከቀለሙ ጋር ወጥቶ በበሩ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያለ ክብ ክብ ነቁጥ ይተዋል፤ ሥራውም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ለዘይት ልክ አለው፤ ከልኩ ማጉደልም ከልኩ ማሳለፍም ያው ጥፋት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለአዲስ አበባ ሰው የበለጠ ያስፈልገዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ያንኑ በርሜል እስከዚያው ልክ ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ ቀጭኑንም አየር አብዝቶ ስለሚጨምቀው ራሱ አብዝቶ ይግላል። በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የማይታወቅ ትንሽ የዘይት ጉድለት በደጋ አገር ቶሎ ይታወቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. የእኅታችን ልጅ ከገጠር መጥቶ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። የብረት ሥራ የተማረ ልጅ ስለ ሆነ፣ በርሜሉ 50 ሊትር የሚይዝ የአየር መጭመቂያ ገዛንለት፤ እርሱም በግቢያችን ጥግ ባለችው ዛኒጋባ ውስጥ የብረት በርና የአልጋ ብረት ቀለም እየረጨ ራሱን ይረዳ ጀመር። መኪናውን በሰጠነው ቀን «በየማለዳው ሳታስነሣው በፊት ዘይቱን እይ፤ ዘይት ቢጎድል ተጠያቂው አንተ ነህ» ብለን ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት አስጠነቀቅነው። እርሱም «እሺ ጋሼ» ብሎ ተቀበለን።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የመኪናው ጩኸት የቀትር ዕረፍታችንን ስለ ከለከለን፣ ከዛኒጋባው አውጥቶ ወደ ኋላ በር እንዲወስደው አዘዝነው። በኋላ በር ያለው ቦታ ተሽከርካሪ እንዲወጣበት አዘንብሎ የተሠራ ሲሚንቶ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ እዚያ እኮ መሬቱ» ብሎ ሊናገር ጀምሮ ነበር። እኛ ግን ቃሉን ሳናስጨርሰው «የታዘዝኸውን አድርግ» ብለን አሰናበትነው። እርሱም መኪናው እንዳይንሸራተት በመንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያቆይልን።

በነሐሴ ወር አንድ ማለዳ መኪናው እንደ ወትሮው ሲሠራ ሳለ ድምፁ ተለወጠ፤ ብረት በብረት ሲፈጭ የሚሰማ ጩኸት ጮኸና በድንገት ቆመ። የተቃጠለ ዘይት ሽታም ግቢውን ሞላው። ልጁ በዚያው ሳምንት ለሠርግ ቤት ሊያስረክበው ቀብድ የተቀበለበት የብረት በር ነበረ። ቀብዱንም ለብረቱና ለቀለሙ ጨርሶታል። እኛም በቁጣ ወጥተን «ዘይቱን አላየህም» አልነው። «አይቻለሁ ጋሼ፤ ዛሬም ማለዳ አይቻለሁ፤ ከቀዩ ነጥብ መካከል ነበር» አለን። እኛም «ዘይት ያለው መኪና እንዴት ይቃጠላል? ከጥፋትህ ይልቅ ውሸትህ ያሳዝናል» አልነው፤ ይህንንም ያልነው ጎረቤት እየሰማ ነው። ልጁ ምንም ሳይመልስ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ባለቤታችን «ሜካኒክ ሳያየው ምን አስቸኮለዎ?» ብትለን እርስዋንም አልሰማናትም፤ ክረምቱ ሲወጣ ልጁ ወደ እናቱ አገር እንዲመለስ ቈረጥን። ሥራችን በፍርድ ቤት የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል መጻፍ ሆኖ ሳለ፣ በገዛ ቤታችን የተከሳሹን ቃል ሳንሰማ ፈረድን።

በማግሥቱ ዕድሜአቸው የገፋ አንድ ሜካኒክ ጠራን። እርሳቸውም መኪናውን ሳይነኩ አስቀድመው ጎንበስ ብለው የዘይቱን መስኮት ተመለከቱ። ይህ መስኮት ከዘይት ማደሪያው ጎን ያለ ክብ መስተዋት ነው፤ በመካከሉም ቀይ ነጥብ አለበት። እኛም ጎንበስ ብለን አየን፤ ዘይቱ በእውነት ከቀዩ ነጥብ መካከል ቆሟል። ልጁ የተናገረው ቃል እውነት እንደ ሆነ ባየን ጊዜ እጅግ ደነገጥን። ሜካኒኩ ግን በዚህ አላበቁም። መኪናውን ወደ ዛኒጋባው ደልዳላ ወለል አስወስደው የግንበኛ ውኃ ልክ አስቀምጠው አስተካከሉት፤ ዘይቱ እስኪረጋም ጥቂት ቈዩና «ጌታው፣ አሁን ይመልከቱ» አሉን። ብናይ በመስኮቱ ውስጥ ዘይት አልነበረም።

ከዚያም እንዲህ ብለው አስረዱን፤ «መኪናው መስኮቱ ወዳለበት ወገን አዘንብሎ ስለ ቆመ፣ የቀረው ጥቂት ዘይት ሁሉ ወደዚያው ተሰብስቦ ነበር። ዘይት ከወር ወር በፒስተኑ በኩል ጥቂት በጥቂት ያልቃል፤ ይህ የማንኛውም መኪና ጠባይ ነው። መስኮቱ ግን መጉደሉን ደበቀ፤ ማንኪያውም ካለበት ቦታ ዘይት አጣ። ልጁ ያየውን ተናገረ እንጂ አልዋሸም። ለመሆኑ መኪናውን እዚያ ያቆመው ማን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ በቤታችን ውስጥ መልስ የሚያስፈልገው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃልና ዝም አለ። ልጁም እንኳ «ጋሼ ናቸው ያዘዙኝ» አላለም። የእርሱ ዝምታ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። ያን ቀን ሊጨርሰው የጀመረውን ቃል አስጨርሰነው ቢሆን መኪናውም አይቃጠልም፣ የልጁም ስም አይጎድፍም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለ፣ የማደሻውን ገንዘብ ከኪሳችን ከፈልን፤ ወደ ሠርጉ ባለቤቶችም ራሳችን ሄደን ጥፋቱ የእኛ እንደ ሆነ ገልጠን የአምስት ቀን ጊዜ ለመንን። ውሸታም ያልነው ጎረቤት እየሰማ ነውና ይቅርታውንም የጠየቅነው ጎረቤት ባለበት ነው። ልጁ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ዛሬ የራሱን ሥራ ቤት ተከራይቶ ይሠራል፤ ከዘይቱ ጣሳ አጠገብም ውኃ ልክ ተሰቅሎ ይታያል።

እንግዲህ ይህ የእኛ ጥፋት ለሌላው ትምህርት እንዲሆን፣ ከሜካኒኩ የሰማነውንና ከፋብሪካ መጻሕፍት ያነበብነውን በተራ እንጽፋለን።

አንደኛ፤ ዓይነቱን ማወቅ። ያለ ዘይት እንዲሠሩ የተሠሩ የአየር መጭመቂያዎች አሉ፤ እነዚህ ዘይት አይጨመርባቸውም። የዘይት መስኮት ወይም የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ዘይት የሚፈልገው ነው። ሳያረጋግጡ ማፍሰስ አይገባም።

ሁለተኛ፤ አዲስ መኪና ሲገዛ ጥንቃቄ ማድረግ። አያሌ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲመጡ በመንገድ እንዳይፈስስ ዘይታቸው አይጨመርም፤ የዘይት መጨመሪያውም በጊዜያዊ ውታፍ ተደፍኖ ይመጣል። ገዥው ይህን ውታፍ አውጥቶ፣ በመጽሐፉ የታዘዘውን ዘይት ሞልቶ፣ አብሮ የመጣውን መተንፈሻ ያለውን ክዳን ይግጠምበት። ከሱቅ አምጥቶ በዚያው ሰዓት ያለ ዘይት ያስነሣ ሰው መኪናውን በተገዛበት ቀን ይገድለዋል። ብዙዎች ፋብሪካዎችም አዲሱን መኪና የአየር መውጫውን ከፍቶ ያለ ጭነት ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራት ያዝዛሉ፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር እንዲለማመድ ነው።

ሦስተኛ፤ ቦታውን መምረጥ። መኪናው በውኃ ልክ የተስተካከለ ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም። ከእግሩ ጎማ አንዱ ቢወልቅ ቶሎ ይተካ፤ የእንጨት ስባሪ ወይም ድንጋይ ማድረግ ልኩን ያዛባል። አቧራ የማይበዛበት፣ ፀሐይና ዝናብ የማይደርስበት፣ ነፋስም የሚያገኝበት ቦታ ይሁን። ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ማቆም ግለቱን ያበዛል።

አራተኛ፤ ዘይቱን በየማለዳው ማየት። የሚታየው መኪናው ሳይነሣ፣ ወይም ጠፍቶ ከበረደና ዘይቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው፤ እየሠራ ሳለ የሚታየው ልክ አያስተማምንም። ዘይቱ ከቀዩ ነጥብ መካከል ይድረስ። ቢጎድል ጥቂት ጨምሮ፣ እስኪረጋ ቆይቶ፣ ዳግመኛ አይቶ መጨመር ነው እንጂ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አይገባም። የእነዚህ ትናንሽ መኪናዎች ዘይት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሊትር በታች ነውና አንድ ፍንጃል ብቻ ልኩን ያሳልፈዋል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት የኤሌክትሪኩ ሶኬት ይነቀል፤ በበርሜሉ ያለውም አየር ይውጣ። ሕፃናትም በዚያ ጊዜ አይቅረቡ፤ ራሱ እጅ የሚያቃጥል ትኩስ ነውና።

አምስተኛ፤ የሚስማማውን ዘይት መምረጥ። የፋብሪካው መጽሐፍ ያዘዘው ከሁሉ ይቀድማል። ለብዙዎቹ የሚታዘዘው ቍጥሩ አይ ኤስ ኦ 100 የሆነ የኮምፕሬሰር ዘይት ነው። «ዘይት ሁሉ ዘይት ነው» ብሎ የተሽከርካሪ ሞተር ዘይት መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። በሞተር ዘይት ውስጥ ጥላሸትን እያጠበ ወደ ማጣሪያ የሚያደርስ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል፤ ትንሹ የአየር መጭመቂያ ግን ማጣሪያ ስለሌለው ያ እድፍ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ይኖራል፤ አረፋም ይበዛል፤ በቫልቮላውም ላይ ይጋገራል። ሁለት ዓይነት ዘይት ማደባለቅም መልካም አይደለም።

ስድስተኛ፤ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ። አዲሱ መኪና በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከብረቱ የሚረግፈው ዱቄት በዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይለወጣል፤ ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ይለወጥ የሚሉ ብዙ መጻሕፍት አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ መኪናው ይለያያልና መጽሐፉን መመልከት ነው። የዘይቱ መልክም ይናገራል። እንደ ማር የጠራ ከሆነ ደኅና ነው። ከጠቆረ አርጅቷል። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት፣ መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተነሣ ሳይሞቅ ሲጠፋ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። የብረት ብናኝ የሚያብረቀርቅበት ዘይት ቢገኝ ግን ለሜካኒክ ማሳየት እንጂ ዘይት ብቻ መለወጥ አይበቃም። የወጣውም አሮጌ ዘይት በጣሳ ተጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ፤ በጓሮ ወይም በውኃ መውረጃ መድፋት አትክልትንም ውኃንም ያበላሻል።

ሰባተኛ፤ የበርሜሉን ውኃ ማውጣት። አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው ርጥበት ውኃ ሆኖ ከበርሜሉ ሥር ይጠራቀማል። ሥራ ባበቃ ቁጥር ከታች ያለችውን መክፈቻ ፈትቶ ማውጣት ይገባል። ይህ የዘይት ነገር ባይሆንም ዘይቱን ለማየት የሚጎነበስ ሰው በዚያው ሊያደርገው ይችላል። ውኃ የሚተኛበት በርሜል ከውስጡ ይዝጋል፤ የዛገ በርሜልም የአየሩን ግፊት መሸከም ሲያቅተው ፈንድቶ ሰው ይገድላል።

እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው ሲታዩ የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይወስዱም። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው፤ ከተቃጠለ በኋላ ግን ቅጠሉም ውኃውም አይረዳም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ለሰው ሥራ ሰጥቶ ተጠያቂ ማድረግ የቤት ጌታ ሥልጣን ነው። ነገር ግን ተጠያቂ ያደረግነው ሰው ስለ ሥራው የሚናገረውን መስማትም የእኛ ግዴታ ነው። መኪናውን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነውና፣ «እዚያ እኮ መሬቱ» ሲል ቃሉን አስጨርሱት።